የመርካንቲሊስቶች ጠበቃ ሆኜ የኖርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ ጠዋት ቁርሴን እየበላሁ፣ ከስፔን ንጉሥ ጋር ተጣላሁ። ሰውየው ከሞተ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን የሆዴን ለመናገር ዕድል ያገኘሁት ገና ያን ዕለት ነበር። «ያ ሁሉ ብር በመርከብ ሲጋዝልህ፣ ዳቦ ለምን እንደሚወደድ አንድ ሰው እንኳ ጠርተህ አትጠይቅም?» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልጄ ሜሮን ከፎቅ እየወረደች «ማም፣ አር ዩ ኦን ዘ ፎን?» አለችኝ። ስልክ ላይ አይደለሁም አልኳት። ማን ላይ እንደምጮህ ስትጠይቀኝ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ልናገረው ያልቻልኩት ሰው ላይ ነው ብዬ መለስኩላት። ትከሻዋን ነቅንቃ የመኪናዋን ቁልፍ አንሥታ ወጣች። እኔም ሁለተኛ ሻይ ቀድቼ ስድቤን ቀጠልኩ።

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ከአለቃ፣ ከማንቂያ ሰዓት፣ ከበረዶ ላይ መንዳት ይገላገላል። እኔ ከእነዚህም ተገላግያለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የተገላገልኩት ከጠበቃነት ነው። ጠበቃ ስል ፍርድ ቤት የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። መምህር ነበርኩ። ዴንቨርና ኦሮራ በሚገናኙበት አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ አስተምር ነበር። ከዚያ ኮርስ ውስጥ ብዙ ጊዜዬን የበሉት መርካንቲሊስቶች ናቸው።

ለማያውቃቸው ሰው በአጭሩ ላስተዋውቅ። ከአሥራ ስድስተኛው እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የነበሩ ሚኒስትሮች፣ ነጋዴዎችና የበራሪ ጽሑፍ ጸሐፊዎች ናቸው። አብዛኞቹ አይተዋወቁም፤ ስሙንም የሰጧቸው ኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። በብዙ ነገር ቢጨቃጨቁም በአንድ ነገር ይስማማሉ። የአገር ጉልበት በእጇ ያለው ወርቅና ብር ነው፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ብዙ ሽጥ፣ ከውጭ ጥቂት ግዛ፣ ልዩነቱን በብር ተቀበልና አጥብቀህ ያዝ። ጎረቤትህ ካተረፈ አንተ ከስረሃል ማለት ነው። ይህ በራሱ አይሆንምና ንጉሡ በሸማኔው፣ በመርከቡና በወደቡ ሁሉ እጁን ያስገባል። ዛሬ ማንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን በአንድ ገጽ አፍርሶ ማርኩን ይወስዳል። የእኔ ሥራ ደግሞ እንዲያ በቀላሉ እንዳይፈርስ መከላከል ነበር።

እዚህ ሥራ ላይ የደረስኩት ዞሬ ዞሬ ነው። አሜሪካ እንደገባሁ ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ ሒሳብ ተቀባይ ሆንኩ። ከዚያ ሊትልተን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለዓመታት ሠራሁ፤ ሽማግሌ ማንሣትና ማስቀመጥ ወገቤን ቢጎዳውም፣ ሰው ሲያወራ እስከ መጨረሻው መስማትን ያስተማረኝ እሱ ነው። እዚያ እየሠራሁ በታሪክ ማስተርሴን ጨረስኩ። ከዚያ ኮሌጁ ተማሪዎችን በየግላቸው የሚያስጠና ሰው ሲፈልግ ገባሁ፤ ቆይቶም በትርፍ ሰዓት መምህርነት ቀጠረኝ። ክፍያው በኮርስ ስለሆነ ሰመር ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ኪስ ይደርቃል። ስለ ገንዘቡ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ጋሽ ተክለን ያወቅኋቸው እዚያው ማስጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ ስለ አንድ የፈረንሳይ ሚኒስትር እያስጠናኋት ነበር። ሰውየው አንድ ጣቃ ጨርቅ ስንት ክር እንዲኖረው፣ ወርዱም ምን ያህል እንዲሆን በሕግ የደነገገ ነው። «ሥራ ፈት ነው» አልኳትና አብረን ሳቅን። ከኋላዬ አንድ ድምፅ በጠራ አማርኛ «ሚኒስትሩ አሁን በሩ ላይ ቆሞ ቢሰማሽ ምን የሚልሽ ይመስልሻል?» አለኝ። ዞር ስል ቀጠን ያሉ፣ ቡና ዓይነት ኮት የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። አስመራ ተወልደው እዚያው በአማርኛ የተማሩ፣ የኮሌጁ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበሩ። ሐበሻ መሆኔን ያወቁት የእንግሊዝኛ አነጋገሬን ሰምተው ነው።

«ምን ይለኛል? ምንም የሚለው የለውም» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ አታውቂውም። ነገ ነይና ጠበቃ ቁሚለት።»

ያን ሌሊት ሚኒስትሩን ሳነብ አደርኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን አነበብኩ። በማግስቱ ሄጄ፣ ጨርቁን የሚገዛው የውጭ ሰው ሸማኔውን በስም እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው «የፈረንሳይ ጨርቅ» የሚለውን ስም ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንድ አጭበርባሪ ሸማኔ ሳሳ ያለ ጨርቅ ከላከ ገዢው ወደ ሆላንድ ይዞራል፤ ሐቀኛውም ሸማኔ አብሮ ይራባል። ጋሽ ተክለ ሰምተው ሲጨርሱ «አሁን ልትቃወሚው ትችያለሽ» አሉኝ። ሌላ ምስጋና አላገኘሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ክፍላቸው እየገባሁ እቀመጥ ጀመር።

የእሳቸውን አስተማሪነት ለማንም ስነግር ቀላል ይመስላል። ክፍል የሚገቡት ከተማሪው ቀድመው ነው። ገብተው የኋላ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን መስኮቱ ጋ፣ ሌላ ቀን ምሰሶው ጀርባ። «እዚህ የተቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን በግማሽ ነው የሚያየው» ይሉና ተነሥተው ጽሑፋቸውን የት እንደሚጽፉ ይወስናሉ። ስለ ጥንት ሰዎች ሲያወሩ «እነሱ እንዲህ ያምኑ ነበር» አይሉም። «እኛ ብር እንፈልጋለን» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ የንጉሡን ወገን ይዘው፣ ፊታቸው ላይ የፌዝ ምልክት ሳይታይ። ከተማሪዎቹ አንዱ ተናዶ እስኪናገር ድረስ ከዚያ ወገን አይወጡም። ማንም ካልተናደደ ትምህርቱ አልገባም ብለው ያዝናሉ።

ክፍል ሲያልቅ ደግሞ ብርቱካን ይበላሉ። ብርቱካኑ እስኪያልቅ ስለ ትምህርቱ አንድ ቃል አይናገሩም። ቆይቶ እሳቸው እያዩኝ ያስተማርኩ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የመጨረሻዋን ፍሬ እስኪውጡ የጠበቅሁበት ጊዜ፣ ዶክተር ውጤት እስኪነግረኝ ከጠበቅሁበት ይከብደኝ ነበር።

መርካንቲሊዝምን የሚከፍቱበት መንገድ የራሳቸው ነው። ስለ ወርቅ አይጀምሩም። «ከዛሬ ጀምሮ» ይላሉ ፊታቸውን አጥብቀው፣ «የሞተባችሁን ሰው በሱፍ ጨርቅ ካልሆነ በስተቀር መቅበር በሕግ ተከልክሏል።» እውነተኛ ሕግ ነው፤ እንግሊዞች የሱፍ ሸማኔዎቻቸው ገበያ እንዳያጡ ሲሉ አውጥተውት ነበር። ከውጭ የሚገባ የተልባ እግር ጨርቅ ለሬሳ አይፈቀድም። ተማሪው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆይቶ ዝም ይላል። የራሱን አያት ያስባላ። የንግድ ሚዛን የሚባለውን ነገር ከመቃብር አፍ ላይ ተነሥተው ነበር የሚያስረዱት።

ጋሽ ተክለ ጉልበታቸውን ታመው ጡረታ ሲወጡ ያንን ኮርስ ለእኔ አወረሱኝ። ኮርሱን ኮሌጁ ውስጥ የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ስንቱን ስብሰባ ተከራክረው። ሌላውን የሠሩትን ሥራ ማንም ሊሠራው ይችል ነበር። ይህኛው ግን እሳቸው ባይኖሩ የማይኖር ነገር ነው። እኔን ደግሞ ገና በተረከብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አዲሷ ዲን ዶክተር ካረን ጠራችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግልጽ ናት። ነርሲንግና ኮምፒውተር ተማሪ ሞልቶ ሲተርፍ የእኔ ክፍል ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። «መጥቼ እመለከታለሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ፎል፣ በመስከረሙ ተርም፣ ይኑር አይኑር እወስናለሁ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰው የዕድሜውን ሥራ አምኖ ሰጥቶኝ ሥራው በእጄ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ለሥራዬም ፈርቼ ነበር፤ ያንኛው ግን ይበልጥ ነበር።

ዲኗ በምትመጣበት ቀን አንድ የማይረሳ ነገር ላሳያት ብዬ ጨዋታ ፈጠርኩ። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ አንድ ከረጢት ሽምብራ ገዛሁ። ሽምብራው ብር ነው። ክፍሉን በአራት ጠረጴዛ፣ በአራት መንግሥት ከፈልኩት፤ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ሆላንድ። አንዱ ወይን ጠጅ አለው፣ አንዱ ሱፍ፣ አንዱ ቅመም። ለስፔን ከአሜሪካ ማዕድን እየወጣ ነው እያልኩ በየዙሩ ከከረጢቴ ሽምብራ አፈስላታለሁ። መጨረሻ ላይ ሽምብራ የበዛለት ያሸንፋል። ጋሽ ተክለንም ሴንቴኒያል ከተማ ካለው ቤታቸው በመኪናዬ አምጥቼ የኋላ ረድፍ አስቀመጥኳቸው። ዲኗ በበሩ በኩል ተቀመጠች።

ስፔንን ይዘው ለንግድ የተነሡት አቶ በላቸው ነበሩ። የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ናቸው፤ በስተርጅና ዲግሪ ልያዝ ብለው የገቡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ተማሪዬ። እሳቸው «መምህር፣ እርስዎ» ይሉኛል፤ እኔም «አቶ በላቸው፣ እርስዎ» እላቸዋለሁ። ፈረንሳይን የያዘው ሄኖክ ነው፤ እዚሁ ያደገ፣ ነርሲንግ የሚማር ጨዋ ልጅ። አቶ በላቸው ወይን ጠጅ ሊገዙ ወደ ሄኖክ ጠረጴዛ ሲጠጉ ልጁ ብድግ አለና ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ስንት ነው ወይኑ?» አሉት።

«እርስዎ የፈለጉትን ይስጡ፣ ጋሼ።»

አንድ ፍሬ ሽምብራ ሰጡት። «ኖ ኖ፣ ይተውት፣ ይውሰዱት በቃ» አለ። እሳቸውም በነጻ ወስደው ሊሄዱ ነው? አይሆንም። እፍኝ ሙሉ ዘግነው ኪሱ ውስጥ ሊከቱለት ታገሉ። ልጁ እጃቸውን እየያዘ «በማርያም ጋሼ!» ይላል። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል የሚባባሉ ሁለት ሐበሾች ሆኑ፤ ሽምብራው ወለሉ ላይ ተበተነ። የሌላው ጠረጴዛ ተማሪ ይህን ሲያይ በሳቅ ሞተ። ከዚያ እነሱም አስመስለው ይሰጣጡ ጀመር፤ እንግሊዝ ሱፏን አደለች፣ ሆላንድ ቅመሟን መረቀች። ሰዓቱ ሲያልቅ የሁሉም መንግሥት ብር እየተለገሰ የተጠራቀመው ስልኩን ሲነካካ ከነበረ አንድ ሆላንዳዊ ፊት ነበር፤ እሱም ማሸነፉን አላወቀም።

ዶክተር ካረን እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ደግ ነው። ጥያቄዋ ግን ደግ አልነበረም። «ዬሺ፣ ዛሬ ምን ተማሩ?» አለችኝ፣ ስሜን እንደ ልማዷ አጣማ። ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ የተበተነውን ሽምብራ መልቀም ጀመርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷም ይህን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ እመጣለሁ አለችና ወጣች።

ጋሽ ተክለን ወደ ቤታቸው ስመልስ ቱ ትዌንቲ ፋይቭ የሚሉት አውራ ጎዳና ተጨናንቆ ነበር። እሳቸው ብርቱካን አውጥተው መላጥ ጀመሩ። መኪናው በልጣጩ ሽታ ተሞላ። እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው አንድ ፍሬ፣ ደግሞ አንድ ፍሬ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው «ጨዋታሽ ውስጥ ወታደር የለም» አሉኝ።

«ምን?»

«ወታደር የለም፣ የሺ። ማን ማንን ይፈራል? እነዚያ ነገሥታት ብር ይወዱ የነበረው ለጌጥ ነው? ጎረቤታቸው ሁልጊዜ ጦር ይሰበስባል። ወታደር በሱፍ ክፈሉኝ አይልም፣ ብር ነው የሚለው። ዛሬ ካልከፈልሽው ነገ ለጠላትሽ ያድራል። ይህንን አውጥተሽ ሽምብራውን ብቻ ከሰጠሻቸው፣ እውነት ነው፣ ሽምብራ መሰብሰብ የሞኝ ሥራ ነው። ልጁ ለሽማግሌ ቢሰጥ ምን ጎደለበት?»

«እኔ እኮ አቶ በላቸውና ሄኖክ ናቸው ያበላሹብኝ ብዬ…»

«እነሱማ ልክ ነበሩ። ማንም በማያስፈራራበት አገር ሰው እንዲያ ነው የሚሆነው።»

መኪናውን ቤታቸው በር ላይ ፓርክ አደረግሁ። ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ቀለል አለኝ። ጠበቃ ነኝ ባይዋ ደንበኞቼን ጭራሽ አላውቃቸውም ነበር። ምን እንደሚፈልጉ እንጂ ምን እንደሚፈሩ አልጠየቅኋቸውም።

ሁለት ሳምንቱን በዝግጅት ጨረስኩት። ከክፍሉ ጥቂት ተማሪዎችን አውጥቼ ወታደር አደረግኋቸው። ወታደሮቹ በየዙሩ ወደየጠረጴዛው እየሄዱ ሽምብራ ይጠይቃሉ፤ ሽምብራ ብቻ። ያልተከፈለው ወታደር ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ይዞራል፣ ያ ጎረቤት ደግሞ በእሱ አማካይነት ያልከፈለውን መንግሥት ወንበር ይቀማል። ቆሞ መቅረት ማለት ነው። ዕቃም ቢሆን ከገዙት ያልቃል፤ ሽምብራው ግን ይቆያል።

ጋሽ ተክለን እንደገና አምጥቼ የኋላ ረድፍ አስቀመጥኳቸው። ዲኗ ስትመጣ በጨዋታው አልጀመርኩም፤ በሱፉ ነው የጀመርኩት። ሙታችሁን በሱፍ ትቀብራላችሁ ስላቸው አቶ በላቸው እጃቸውን አነሡ። «ይቅርታ መምህር፣ ድሃ ነኝ፣ ነጭ ጨርቅ ቤቴ አለኝ፣ እናቴን በሱ ብገንዛት ማንን እጎዳለሁ?» አሉ። «ሸማኔውን» አልኳቸው። «ሸማኔው ሥራ ከፈታ ግብር አይከፍልም፤ ግብር ከሌለ መርከብ የለም፤ መርከብ ከሌለ ያ ከማዶ ያለው ንጉሥ ይመጣና የእናትዎን መቃብር ራሱ ይወስዳል።» ፊታቸው ተለወጠ። አልወደዱትም፤ ገብቷቸዋል ግን።

ከዚያ ሽምብራው ወጣ። በመጀመሪያው ዙር እንግሊዝ ለወታደሮቿ መክፈል አቅቷት ሁለት ወንበር ተቀማች፤ ሁለት ተማሪዎች ቆሙ። ወዲያው የክፍሉ አየር ተለወጠ፤ ሳቅ ጠፋ። አቶ በላቸው እንደ ልማዳቸው ወደ ፈረንሳይ ጠረጴዛ ሄዱ። ሄኖክ ብድግ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ ወንበሩን ግን አልለቀቀም፣ በአንድ እጁ ይዞታል።

«ወይን ጠጅ ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።»

«በደስታ፣ ጋሼ። ስምንት ሽምብራ ነው።»

«ስምንት! ባለፈው በነጻ ስትሰጠኝ አልነበረም እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ አይሆንም።»

«እሺ፣ እኔ የስፔን ቢላዋ አለኝ፣ ግዛኝና እናቻችለው።»

«አልገዛም ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ። ብር ከእኔ አይወጣም።»

አንድም ቃል ክብር አላጓደለም፤ አንድም ሽምብራ አልቀነሰም። አቶ በላቸው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ስምንቱን ቆጥረው አስቀመጡ። ከኋላ ረድፍ የጋሽ ተክለ ሳል ተሰማኝ፤ ሲደሰቱ ነው የሚስላቸው።

ያኔ ነበር ማሪሶል የተነሣችው። ከአቶ በላቸው ጋር የስፔን ጠረጴዛ ላይ ነበረች፤ እስከዚያ ቀን በክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማሁት ለስም ጥሪ ብቻ ነው። እኔ በልማዴ ከከረጢቱ ሽምብራ እያፈስኩ ጠረጴዛቸው ላይ ስጨምር እጄን በዓይኗ ተከተለችው።

«ፕሮፌሰር» አለች፣ «ሁሉም የሚቆጥረው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነው። ከረጢቱ ውስጥ ግን የሚቆፍረው ማነው?»

እሷም ቆማ ቀጠለች። አያቷ ሜክሲኮ ውስጥ የብር ማዕድን ቆፋሪ እንደነበር፣ ሳንባው ታሞ እንደሞተ ነገረችን። እኔ በዚያች ሰዓት የጠበቃ ካባዬን አውልቄ ጥዬ «ልክ ነሽ፣ ልጄ! ንጉሡን እንዲህ ሳልጠይቀው ስንት ዓመት ሆዴ አሮ ነበር!» ልላት ምንም አልቀረኝም። ወደ ኋላ አየሁ። ጋሽ ተክለ ጭንቅላታቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ ገና ነው፣ ማለታቸው ነው። እኔ ወደ እሷ ወገን ከዞርኩ ክርክሩ የእኔ ይሆናል፤ ካልዞርኩ የእሷ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በደንበኞቼ ስም የዚያን ቀን የመጨረሻ መልስ ሰጠሁ። «እኛ ብሩን የምናየው መርከቡ ወደብ ሲደርስ ነው» አልኳት።

«ይህ መልስ ነው?» አለች ማሪሶል፤ ጉንጯ ቀልቷል።

ጠመኔውን ዘረጋሁላት፤ እሷም ወደ ሰሌዳው ወጣችና ከመርከቡ በስተጀርባ ያለውን ሁሉ እየሣለች ትናገር ጀመር፤ ተራራውን፣ ጉድጓዱን፣ በግዳጅ የሚገቡትን ሰዎች። ሄኖክ ወታደር ባይኖርስ ኖሮ ብሎ ጠየቃት፤ አቶ በላቸው ወታደር የሌለበት ዘመን መቼ አይተህ ታውቃለህ ብለው ገቡበት። የክፍሉ ሰዓት አልቆ ሌላ ክፍል ያላቸው ተማሪዎች በሩ ላይ ቆሙ፤ የእኔዎቹ አልወጡም። ዲኗ ራሷ ሄኖክን ሽማግሌውን እንዴት ደፍሮ እንደተከራከረ ስትጠይቀው ሰማሁ። «ጋሼን በጣም አከብራቸዋለሁ» አላት በአማርኛ ጀምሮ፣ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ አዞረውና «ባት ዘ አርሚ ወዝ ካሚንግ» አለ፤ ጦሩ ግን እየመጣ ነበር ማለቱ ነው።

ዶክተር ካረን ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ያኛውን ጥያቄ አልደገመችም። «ፎል ላይ ይኖራል» አለችኝ። በቃ፣ ሦስት ቃል። ፓርኪንግ ሎት ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘግቼ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ተመልሶ ደግሞ ሳቅ። የዚያን ቀን ያህል እፎይ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጋሽ ተክለ ሕዝብ እስኪወጣ መራመድ ስለማይወዱ ቀስ ብለው መጥተው ገቡ።

«ተርፏል፣ ጋሽ ተክለ!» አልኳቸው።

«ማን?»

«ኮርሱ ነዋ!»

«እሱንስ አውቄያለሁ» አሉ ብርቱካናቸውን እያወጡ። «ልጅቷ፣ ለሚቀጥለው ተርም ተመዝግባለች ወይ?»

ብርቱካኑን ሳይበሉ ስለ ክፍል ሲያወሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማሪሶል ተመዝግባ ነበር። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች፣ ታሪክ አጠናች፣ ማስተርሷንም ያዘች። ሄኖክ ነርስ ሆነ፤ አቶ በላቸው ጋውን ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ሻትላቸው ውስጥ ለጥፈውት ነበር ይባላል። ወንበሮቹ ሁሌ ሞሉ ብል እዋሻለሁ፤ ማንም ግን ከዚያ ወዲያ እንዝጋው አላለም። እኔም ዓመት በዓመት ሱፉን፣ ሽምብራውንና ወታደሩን ይዤ የማላምንባቸውን ሰዎች ወገን ይዤ ኖርኩ። በጥሩ ሁኔታ ነው የተከላከልኳቸው። ግን ያደክማል። የገዛ ሐሳብሽን ለዓመታት ጉሮሮሽ ላይ ይዘሽ መኖር ጥርስ እንደሚያምበት ሰው ያደርጋል።

ያ አሥርት ዓመት ሊያልቅ ሲል ጡረታ ወጣሁ። ኬክ ተቆረሰ፤ ስሜ ኬኩ ላይ በትክክል ተጽፎ ስለነበር ሁሉንም ይቅር አልኩ። ኮርሱን ማን ይረከብ ሲባል ዶክተር ካረን እንኳ ብዙ አላሰበችም፤ ማሪሶል ተረከበች።

በዚያው ፎል ማሪሶል ደወለችልኝ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሱፉ ነው፣ ኑልኝ አለች። ጋሽ ተክለን ሴንቴኒያል ሄጄ አመጣኋቸው። አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ቀድመን ደርሰን የኋላ ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ምሰሶው ጀርባ ያለውን ወንበር መረጡ፤ ከዚያ ሆነው ሰሌዳውን አይተው «አስባበታለች» አሉ። ጽሑፉ ሁሉ ወደ ግራ ተጠግቷል።

«ጋሽ ተክለ» አልኳቸው ተማሪው እስኪገባ፣ «ዛሬስ ይንገሩኝ። እርስዎ እነዚያን ሰዎች አምነዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አሉ ተገርመው። «አንድ ቀን አላመንኳቸውም። ስለ ሰለቹኝ አይደል ለአንቺ የሰጠሁሽ?» ክፍል ውስጥ ስለሆንን ሳቃችንን በመሐረብ አፈንነው።

ማሪሶል ገባች። ፊቷ ላይ የፌዝ ምልክት የለም። «ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «ሙታችሁን በሱፍ ትቀብራላችሁ።» ልጆቹ ሳቁ፤ ቆይተው ዝም አሉ። ወታደሮቹ ተመደቡ፣ መንግሥታቱ ተቀመጡ። ከፒዮሪያ ስትሪት የተገዛውን ሽምብራ ከረጢት ይዛ ወደ ስፔን ጠረጴዛ ሄደችና በእፍኟ አፈሰሰች። አንደኛ ዙር አለቀ፤ ማንም አልጠየቀም። ሁለተኛ ዙር፤ ደግማ አፈሰሰች። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ይቆጥራል። እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። ጋሽ ተክለ ብርቱካናቸውን አውጥተው በእጃቸው ያዙ እንጂ አልላጡም፤ በጎን እያዩኝ ነው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ እጄን አነሣሁ።

ማሪሶል አየችኝ። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለና ወዲያው ዋጠችው። «እዚያ ከኋላ ያሉት ተማሪ?»

«ከረጢቱ ውስጥ የሚቆፍረው ማነው?» አልኩ። ተማሪ ሆንኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ከረጢቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ እንደ እውነተኛ የንጉሥ ሹም አየችኝ። «እኛ ብሩን የምናየው መርከቡ ወደብ ሲደርስ ነው» አለች።

ስንት ዓመት ያነቅኩት ነገር ሁሉ ደረቴ ውስጥ ተፈታ። ከእንግዲህ የማንም ጠበቃ አልነበርኩም። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ።

«ይህ መልስ አይበቃኝም!» አልኳት፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ።